አራተኛው ቅጠል፦ የወይዘሮ አገርነሽ ዓምደ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አገርነሽ ከአባታቸው ከመሪጌታ ዓምደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ የብርጓል በ1932 ዓ.ም. በደራ፣ አንበሳሜ ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታላቅ እህታቸው ሙሉነሽ ነኝ። ታናሼን «አንቱ» ማለት ቢተናነቀኝም ደንቡ ነው ስለተባልሁ እላለሁ።

አባታችን ቅጠል አዋቂ ነበሩ። መድኃኒት ለብዙ ሰው ከተነገረ ኃይሉ ይሸሻል ስለሚባል ለአንድ ልጅ ብቻ አስተማሩ፤ ለአገርነሽ። «ሙሉነሽ ምሥጢር አትቋጥርም» አሉና እኔን ደጅ አስጠበቁኝ። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

በ1950 ዓ.ም. አቶ አዘዘን አግብተው ባሕር ዳር ገቡ፤ አስናቀንም ወለዱ። በ1967 ዓ.ም. በአንድ የዶሮ እርባታ ጣቢያ ተቀጠሩ። በ1976 ዓ.ም. ጫጩቶቹን ተቅማጥ ሲፈጃቸው፣ በውኃ የሚበጠበጠው አንቲባዮቲክም ጠፍቶ ሳለ፣ ወይዘሮ አገርነሽ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ግራዋ ወቅጠው፣ አንድ ሌላ ቅጠል ጨምረው አጠጧቸው። ሞቱ ቆመ። ጣቢያው ሸለማቸው፤ ከሰባታሚት እስከ መሸንቲ ዶሮ የታመመበት ሁሉ ደጃቸውን ያንኳኳ ጀመር። እኔንም ሰው «የአገርነሽ እህት» ይለኝ ጀመር፤ ታላቋ እኔ ሆኜ ሳለ!

እኔም ዶሮ አረባ ነበር። ሦስቱን ወቅጬ ባጠጣም የእኔዎቹ ያልቁብኝ ነበር። ይኼኔ እሳቸው የተወቀጠውን በጨርቅ ቋጥረው ይመጣሉ፤ አንድም ቀን ነፍገውኝ አያውቁም። አራተኛውን ቅጠል ግን አይነግሩኝም። ቅናቱ ያንገበግበኝ ነበር፤ ዛሬም አስከሬናቸው ፊት ቆሜ ያንገበግበኛል።

በጉበት ሕመም ሲደክሙ አስናቀ በውትድርና ሰሜን ነበርና፣ አሁንስ ለእኔ ነው ብዬ ከአልጋቸው ሥር አልጠፋሁም። እሳቸው ግን ውኃ አምጪ ብለው ላኩኝና ለልጄ ለአደይ ነገሯት። ከገዛ ማሕፀኔ ለወጣች!

ወይዘሮ አገርነሽ ጥቅምት 11 ቀን 1981 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ አደይንና እኔን ትተው ተለይተውናል።

እስከዚህ ጽፌ አደይን አፋጠጥኋት። አክስቷ ያዘዟትን ነገረችኝ፦ «የሕይወት ታሪኬን የምትጽፈው እናትሽ ናት። ሦስቱን በሕዝብ ፊት ማስነበቧ አይቀርም። አራተኛውን ተነቦ ሲያበቃ ንገሪያት፤ ከአባታችን ቀን ጀምሮ የእሷም ድርሻ አለበት።»

ይህን ያህል ታውቂኝ ኖሯል፣ እህቴ። ነፍስሽን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልኝ። በይ አደይ፣ ጽሑፉ አበቃ።