ከጥቁሩ መስታወት ጀርባ ለነበሩት

ውድ ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩት ደብዳቤ ያለሱ አልጀመር ብሎኝ እንጂ ሆዴ ሌላ ነው። «አንተ» ብዬ ልጽፍልዎትም ሞክሬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሙያ ያስተማረኝን ሰው እንዴት ብዬ! እርስዎ ግን አላፈሩም።

ያን የልምምድ ክፍል አብረን ነው ያቋቋምነው። አንድ አሮጌ የድንገተኛ አልጋ፣ ሞኒተር፣ ጣሪያው ላይ ካሜራ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ የሚል የላስቲክ በሽተኛ። እርስዎ ከጥቁሩ መስታወት ጀርባ ማይክሮፎን ይዘው «ዶክተር፣ ልሞት ነው መሰለኝ፤ ባለቤቴ እንዳትሰማ!» ሲሉ ተማሪዎቹ በሳቅ ይፈነዱ ነበር። ልምምዱ ሲያበቃ ወንበር ከበን እንቀመጣለን። «እዚህ ተሳሳቱ፤ ላስቲክ አይቀበርም። የተባለውም ከዚህ በር አይወጣም» ይሉን ነበር። እኔም አመንኩ።

አንድ ቀን በላስቲኩ ላይ ለተማሪዎቹ እያሳየሁ ሳለ የመተንፈሻ ቱቦውን በአየር ቧንቧው ፈንታ ወደ ምግብ ቧንቧው ከተትኩት። ሞኒተሩ ጮኸ። ወንበር ከበን ስንቀመጥ የሆዴን ዘረገፍኩት። ይኸው ስህተት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በእውነተኛ ሰው ላይ፣ በአንድ የታክሲ ሹፌር ላይ ደርሶብኝ ነበር። ነርሷ ባትደርስልኝ አልቆለት ነበር። ሰውየው በእግሩ ወጣ፤ እኔ ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እርስዎ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝና «አይዞሽ ልጄ፣ ሐኪም ማለት እንዲህ ነው» አሉኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዘጠኝ ወር ዝም አሉ። የድንገተኛ ክፍሉ ኃላፊነት ቦታ ተለቅቆ የእህትዎ ልጅና እኔ ስንወዳደር ግን አንደበትዎ ተፈታ። የሹመት ኮሚቴው ፊት የጣሪያው ካሜራ የቀዳውን ቪዲዮ አሳዩ። የራሴን ለቅሶ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ አየሁት። «ለበሽተኞች ደህንነት ብዬ ነው» አሉ። እሺ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ በሽተኞቹ የት ሄደው ነበር? «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ሲባል ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ሹመቱ ይቅር፤ ያገኘው የእህትዎ ልጅም ክፉ ሰው አይደለም። በሽተኛ እንዳልነካ ተወስኖብኝ ከላስቲኩ ጋር ቀረሁ። እሱንም ችዬው ነበር።

ትናንት ግን ልምምዱ አልቆ ሁሉም ሲወጣ አንዲት አዲስ ሐኪም የአልጋውን ብረት ይዛ ቀረች።

«ዶክተር፣ ባለፈው ሳምንት ተረኛ ሆኜ አንድ ነገር... ብነግርሽ ከዚህ አይወጣም አይደል?»

ቀና ብዬ ካሜራውን አየሁ። «አይወጣም» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ መዋሸት አቃተኝ።

«አትንገሪኝ» አልኳት።

ፊቷ ልውጥ አለ። «ይቅርታ» ብላኝ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ጋሼ!

ዛሬ የድንገተኛ ክፍሉ ተረኛ ሐኪም እሷ ነች። ምን ልትነግረኝ እንደነበር አላውቅም። የኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ይቅር እልዎት ነበር። እሷ እጅ ላይ በሚወድቀው በሽተኛ ፈንታ ግን እኔ ማን ነኝና ይቅር እላለሁ?

ተማሪዎ የነበረችው