ቀይ ጃንጥላ ተከትዬ

ይድረስ ቶሪኖ ላለሽው ልጄ ለኦርሶላ። እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ የቬኒስ ውሃም እንደለመደው ደጃፋችንን እየላሰ ነው።

አባትሽ በስተርጅና ጎብኚ ሆነ ብልሽ ትስቂያለሽ። ከዓሣ ገበያ ስመለስ ድልድዩ ጋ ቱሪስቶቹን ተቀላቅዬ፣ ቀይ ጃንጥላ ይዛ የምትመራቸውን አስጎብኚ ፎስካን እከተላለሁ። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ለቀው ስለሄዱ ሌላ የሚያናግረኝም የለም። ደግሞ አርባ ዓመት የነዚህን ሕንጻዎች ድንጋይ የጠረብኩ ሰው ነኝና ስትሳሳት ዝም አልልም። ባለፈው የአንዱን መስኮት ቅስት "እብነ በረድ ነው" ስትል፣

"የኢስትሪያ ድንጋይ ነው እንጂ! እብነ በረድማ ጨው ይበላዋል" አልኳት።

"አባባ ቦርቶሎ፣ ወይ ጃንጥላውን ይያዙልኝ ወይ ዝም ይበሉ!" ብላ ሁሉንም አሳቀችብኝ።

ጉብኝቷ የሚያበቃው ደጃችን ካለው የውሃ ጉድጓድ ዘንድ ነው። እዚያ ተሰነባብተን እገባለሁ።

ሐሙስ ዕለት ግን ፎስካ ጉንፋን ይዟት ቀረች። እኔም ድልድዩ ላይ ተቀምጬ እስኪመሻሽ ሕንጻ ሳይ ዋልኩ፤ የገዛሁት ሰርዲንም ሸተተ። በኋላ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት አይታኝ "ኧረ ልሸኝዎት" አለችኝ። ደግ ሴት ናት፣ ቅር እንዳይላት ብዬ እሺ አልኳት።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። በዐይነ ሥጋ ያገናኘን።

አባትሽ ቦርቶሎ

እንዳልረሳው፦ ስትጽፊልኝ ፖስታው ላይ የቤታችንን ቁጥር በትልቁ ጻፊው። የፊተኛው ፖስታሽ ኪሴ ውስጥ ታሽቶ ታሽቶ ቁጥሩ ሊጠፋ ነው።