የበሬዎቼ አተላ

ጥር 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች፤ አንዲት ቃል እንዳታስቀር።

ልጄ ጌትነት ከእበት ጋዝ የሚያወጣ ጉድጓድ ጓሮዬ ካስቆፈረ ወዲህ በገዛ ቤቴ ተደፍሬያለሁ። ምራቴ ዛሬም ለሚካኤል የጠመቅነውን ጠላ አተላ ከበሬዎቼ አፍ ነጥቃ ጉድጓዱ ውስጥ ደፋችው።

«ምን ነካሽ?» ብላት፣ «አባባ፣ አተላ ሲገባበት እኮ ጋዙ ይበረታል» አለችኝ።

እሳቱስ እውነትም በርትቷል። የበሬዎቼ ጎድን ግን ከሩቅ መታየት ጀምሯል።

ጌትነት ከት ብሎ ሳቀ። «ይተዉ አባባ፣ በሬዎችዎ ሰክረው ከሚያርሱ ይሻላል።»

«ሰክረውም ካንተ የቀና ትልም ያወጣሉ!» አልኩት።

ሁለቱም በሬዎች የእኔ ናቸው። ነገ በማለዳ እየነዳሁ ቡሬ ሴት ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። እበታቸውም አብሮን ይሄዳል። እነሱ አተላውን ብቻውን ያንድዱት።