ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ?

ሴዱና፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ለእናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሰነበተ? እኔና አባባ በሕይወት አለን። «በሕይወት አለን» ያልኩት ለደብዳቤ ወግ እንዳይመስልሽ፤ ቃሉን መርጬ ነው የጻፍኩት። ያልደወልኩልሽም አውቄ ነው። ብደውል ገና «ሄሎ» ሳልል ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ ማጽናናቱ ለእኔ ይተርፋል። ደብዳቤ ግን አያቋርጡትም። ቁጭ በይና አንብቢው።

«ዘንድሮ ጉልበቴ አላስቀምጥ አላስነሳ አለኝ፤ ተሳቢ ቤት እየጎተተ እስከ ፖርት ሊንከን ድረስ ብቻውን አይሄድም፣ አጅቢው» ብለሽ የለመንሽኝ አንቺ ነሽ። እኔም ሞኟ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ታምሲንን ለአባቷ ትቼ መጣሁ። ስንወጣ በመስኮቱ በኩል ክንዴን ጨምድደሽ «እንዳትተኚ፣ ዓይንሽን ከመንገዱ እንዳታነሺ» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ሳቅኩብሽ።

ልጅ ሳለሁ አባባ ምን ይለኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ? «በዚህ በረሃ ላይ ለሚያልፍ ሰው ሰላም ለማለት አንድ ጣት ከመሪው የማያነሳ፣ ጎማው ሲፈነዳ ማንም አይቁምለት!» ያ ሰውዬ ነው እንግዲህ ከኖርስማን ጀምሮ ሰው ሁሉ ጣቱን እያነሳለት ሲያልፍ ድንጋይ ሆኖ የተቀመጠው። «አባባ፣ ኮራህ እንዴ?» አልኩት። «ፀሐዩ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ ማንሳት ጀመረ። ባላዶኒያን እንዳለፍን የካንጋሩ ሥዕል ላለበት የመንገድ ምልክት ሳይቀር በአክብሮት ጣቱን አነሳለት። ቀልድ መስሎኝ በሳቅ ሞትኩ።

ማደሪያችን ስንደርስ ተሳቢዋን ወደ ኋላ ሲያስገባ የውሃ ቧንቧውን ገጨው። ጥፋቱን ወደ እኔ አዞረው። «እናትሽ ብትሆን በአፏ ትነግረኛለች፤ አንቺ ዝም ብለሽ እጅሽን ታወናጭፊያለሽ!» አለኝ፣ ሰው ሁሉ ወንበር አውጥቶ ቢራውን ይዞ እያየን። ተኳርፈን አደርን።

በማግስቱ ሾፌሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የመኪናው ሬዲዮ «ሰፊ ጭነት እየመጣ ነው፣ ተሳቢ የምትጎትቱ ከመንገድ ውጡ» አለ። አባባ «ገና ሩቅ ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ሴዱና ፍተሻ ላይ ፍራፍሬ እንደማያሳልፉ ታውቂያለሽ፤ ሳይወስዱብን እንብላው ብዬ ጎንበስ ብዬ ብርቱካን እየላጥኩ ነበር። ድንገት ሬዲዮው ጮኸ፦ «ባለ ነጯ ተሳቢ! አያ ሽማግሌ፣ ተኝተሃል ወይስ መሞት አምሮሃል?» ቀና ስል መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ብረት ፊታችን ነው። መሪውን ነጥቄ ጠመዘዝኩት። ጠጠር ላይ ወጣን፣ ተሳቢዋ ከኋላ እንደ ጅራት ተወዛወዘች፣ ሳህኑ ሁሉ ሲሰባበር ተሰማኝ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተን ቆምን።

የጭነቱ አጃቢ ሰውዬ እየሮጠ መጣ። ሊሳደብ ነበር አመጣጡ፤ አባባን ጠጋ ብሎ ሲያይ ግን ስድቡን ትቶ «ደህና ነህ?» አለው። አባባ ይቅርታ ሲጠይቀው የሚያየው ፊቱን ሳይሆን ትከሻውን ነበር።

«የማየው ነገር መሀሉ ጠፍቶብኛል» አለኝ ሰውዬው ከሄደ በኋላ። «ዳር ዳሩን አያለሁ። ሐኪሙ አትንዳ ካለኝ ሁለት ዓመት ሆነ።»

«እማማስ?» አልኩት።

«እናትሽማ ዓይኔ ናት» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ሁለት ዓመት! ባለፈው የገና በዓል ወደ ባሕር ስንወርድ መንገዱን ሙሉ አባባን በስሙ እየጠራሽ አፍሽ አላረፈም ነበር። «ቀይ መብራት፣ ሜርቭ። ብስክሌት በግራ፣ ሜርቭ። ሰላም ብለውሃል፣ ጣትህን አንሳ።» እኔ ለባሌ «እማማ ሬዲዮ ሆናለች» እያልኩ ተሳለቅኩ። ታምሲን ከኋላ ቀበቶዋን አስራ እየዘፈነች ነበር። ስድስት ዓመቷ ነው እማማ! የአንድ ሽማግሌ ኩራት እንዳይነካ ብለሽ የልጅ ልጅሽን አስይዘሽ ቆመርሽ። መንገደኛው ሁሉ ልጅ የለውም? ተናድጃለሁ።

ቁልፉን ወሰድኩበት። ሰጠኝ አልልሽም፣ ወሰድኩበት። በሁለት እጁ ጨብጦ ደረቱ ላይ ያዘው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቅኳቸው። እነዚያን ብስክሌት ያስተማሩኝን ጣቶች። «ጨካኝ ነሽ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ቃል አልተነፈሰም። እኔም መሪውን ይዤ አለቀስኩ፣ በንዴት።

ኑንድሩ አካባቢ ይመስለኛል፣ አንገቱን እንደደፋ «ምን መጣ?» አለኝ።

«ነጭ መኪና። ተሳቢ ይጎትታል። ሽማግሌ ይነዳል፣ ሚስቱ አጠገቡ ካርታ ይዛለች።»

«ሰላም አሉን?»

«አዎ።»

ጣቱን ከጉልበቱ ላይ አነሳላቸው። ከዚያ ወዲያ አፌ አላረፈም፤ እስከዚህ ድረስ ስለፈልፍ መጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤትሽ ግሌኒስ ደወለችልኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ልትለኝ ነው፤ እሁድ ዕለት በክለባችሁ ሣር ላይ ኳስ አንከባልለሽ ዋንጫ ወስደሻል አሉ። እኔ ጨዋታውን ባልጫወትም፣ ኳሱን የሚለቅ ሰው በየተራው ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ እንደሚል አውቃለሁ። ለአባባ አልነገርኩትም። ምሳ ላይ ግን ዓሣውን እየቆራረስኩለት ሳለ ከመሬት ተነስቶ «እንኳን እናትሽ አልመጣች» አለኝ። «ቁልፉን እሷ ነጥቃኝ ቢሆን ኖሮ እስክሞት ይቅር አልላትም ነበር።»

እኔን ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ስንመለስ ደጅ ላይ ጠብቂን። መጀመሪያ እጮህብሻለሁ፣ ሻይ የምጠጣው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያው እግዚአብሔር ጤናሽን ይስጥሽ፣ ዓይንሽን ለሁለታችሁም ያቆይላችሁ። ለዚያ ለታመመው ጉልበትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

ልጅሽ