ገነነ የቀረባቸው ግጥሚያዎች

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ዛሬ አቮካዶው ጥሩ ነበር። ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለው የአክስቴ የስመኝ ጁስ ቤት ከጠዋት ጀምሮ ሞልቶ ዋለ። እኔ ከመፍጫው ኋላ ነኝ። የምወደው ቦታ ነው። ማንም አያየኝም፤ ሰው የሚያየው ብርጭቆውን ነው።

ጋሽ ኸሊፋ ከጎናችን ጨርቃጨርቅ ይሸጣሉ። ከሰዓት በኋላ የማንጎ ጁሳቸውን ይዘው ስለ ቦክስ ይፈርዳሉ። ዛሬም ስለ ወንድሜ ስለ ገነነ። የዞኑ ሻምፒዮን እኮ ነው... "ያ ልጅ ተጋጣሚ የሚመርጠው ሙዝ እንደሚገዛ ሰው እየዳበሰ ነው፤ ለስለስ ያለውን ብቻ ያነሳል" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሳውላ የመጣውን ጀማሪ በመጀመሪያው ዙር ጣለው፤ የጨንቻው ኦይታ ሲመጣ ግን ጥርሱን አመመው። ቀጥሎ ደግሞ እጁ ወለም አለው። ሁለቴ ፎርፌ።

መፍጫውን አስነሳሁት። ሲጮህ ምንም አይሰማም። ውስጡ ግን ምንም አልነበረም... አክስቴ ከባንኮኒው ሆና፣ "ምን እየፈጨሽ ነው፣ አየር?" አለችኝ።

ግን እውነት ቢሆንስ? ፈርቶ ቢሆንስ?

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

እሑድ እንደገና ከኦይታ ጋር ተመድቧል። አሰልጣኝ ዘሚካኤል ቤት ድረስ መጥተው ለእናቴ ነገሯት። ገነነ ጓሮ ገመድ ሲዘል ዋለ። ጥርሱም እጁም ደህና ናቸው፤ አይቻለሁ። እየዘለለ ይዘምራል። የፈራ ሰው ይዘምራል?

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ቀረ።

ከቸርች ስንወጣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ቀድሞን ሄደ። እኔና እናቴ ስንደርስ አዳራሹ ሞልቷል፣ ኦይታ ጓንቱን አጥልቆ ቆሟል፣ ገነነ የለም። ጠበቅን፣ ጠበቅን... ዳኛው የኦይታን እጅ ብቻውን ሲያነሳ ኦይታ ራሱ ተናደደ። "ከማን ጋር ልጋጠም፣ ከወንበር ጋር?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። እኔም የምገባበት ጠፋኝ።

ቤት ስንደርስ ገነነ ቁጭ ብሏል። ጉልበቴን ነው አለ። ልብሱን ላጥብ ብዬ ቦርሳውን ስከፍት... ሳር። አንድ እፍኝ እርጥብ ሳር፣ ገና ያልጠወለገ።

እኛ ዘንድ ይሄ ምን እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ ወደ ጠብ አትሄድም። አለቀ። ያንን አልፎ የሚሄድ ሰው አላውቅም።

ማነው ለገነነ የተንበረከከው?

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ልብስ እያሰጣሁ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ነገረኝ።

የኦይታ አያት ናቸው። ሦስቱንም ጊዜ! ከጨንቻ ወርደው ኩልፎ ድልድይ ላይ ይጠብቁታል። ኦይታን አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ በልጄ ላይ እጅህን አታንሳ ብለው ይንበረከካሉ።

"ታዲያ ለሰው ለምን አትናገርም?"

"ኦይታ አያቱ እንደለመኑለት ቢሰማ ዳግም ጓንት የሚያጠልቅ ይመስልሻል? ይልቅ እኔ ላይ ይሳቁ፣ ሉሊ።"

አንጀቴን በላው። ቆይ ግን... የሳውላውስ ልጅ? የእሱም አያት መጥተው ነው? ስለው አንገቱን አከከ። እሱንስ መርጬው ነው አለ። ስለዚህ ጋሽ ኸሊፋ በግማሹ ልክ ናቸው።

ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገባኝ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ቃሌ "ለማንም አልናገርም" ነው። አያትየው ግን ድሮም ያውቃሉ... ለሚያውቅ ሰው መናገር መናገር ነው?

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሄድኩ! አያትየው ቅዳሜ ቅዳሜ ሲቀላ ገበያ ጋቢ ይሸጣሉ። ደጋግሜ አልፌያቸው ሄድኩ። ተመልሼ አለፍኩ። በመጨረሻ ራሳቸው፣ ጋቢ ፈልገሽ ነው ወይስ መንገድ ጠፍቶሽ አሉኝ። በጋሞኛ ነበር፤ እኔም በጋሞኛ መለስኩ። በጋሞኛ ሳወራ ብዙም አላፍርም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከተማው ወንድሜን ፈሪ እያለ እንደሚስቅበት ስነግራቸው ደነገጡ። ይሄን አላሰቡትም። ወንድምሽንና ኦይታን ምን አጣላቸው ብለው ጠየቁ። አልተጣሉም አልኩ።

"ሳይጣሉ ነው የሚደባደቡት?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ይሄማ የባሰ ነው። የተጣላ ሰው ይታረቃል። ያልተጣላውን በምን ታስታርቂዋለሽ?"

እውነታቸውን እኮ ነው። ልምምዱን መጥተው እንዲያዩ ብቻ ለመንኳቸው። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር መሰለኝ... እሺ አሉ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

መጡ። ኦይታ የሚለማመደው ጨንቻ ነው፤ አያየንም። አሰልጣኝ ዘሚካኤል የማን ሽማግሌ ናቸው ብለው አልጠየቁም፤ ወንበር ሰጧቸው።

ጓንቱን ጨመቅ ጨመቅ አደረጉት። የጭንቅላት መከላከያውን ራሳቸው ላይ አጥልቀው፣ ትራስ ነው እኮ አሉ። ሁለት ልጆች መጋጠም ሲጀምሩ ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዳኛው መሐል ገብቶ ሲለያያቸው ገለጥ አደረጉ። ይሄ ሽማግሌያቸው ነው? አዎ አልኳቸው። ልጅ ነው ገና አሉ፣ ቅር እያላቸው። ደወሉ ሲደወል ሁለቱ ተቃቀፉ። ያን ጊዜ ብድግ አሉ። ታረቁ? አሉኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ አባባ።

መከላከያውን ከራሳቸው ላይ አወለቁ።

ከዚያ ገነነን ጠሩት። እጁን ይዘው እያገላበጡ አዩት።

"ልመናዬን ትቻለሁ፣ ግጠመው" አሉት። "አፍንጫውን ግን ተውለት። የእናቱን አፍንጫ ነው የያዘው።"

ገነነ ሊስቅ ነው ሊያለቅስ አልገባኝም። ጉልበታቸውን ሳመ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ግጥሚያው ለኅዳር 7 ተያዘ። ጋሽ ኸሊፋ፣ አሁን ደግሞ የትኛውን አካሉን ያመው ይሆን እያሉ ያስቃሉ። ዛሬ እኔም ትንሽ ሳቅሁ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ገባ!

ስሙ ሲጠራ አዳራሹ ፉጨት በፉጨት ሆነ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። አያትየው ከጎኔ ተቀምጠዋል። በመጀመሪያው ዙር እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙኝ። በሁለተኛው ለቀቁኝ። በሦስተኛው ቆመው፣ በግራ ግባበት፣ በግራ እያሉ በጋሞኛ ይጮሃሉ። ግባበት የሚሉት ወንድሜ ላይ እኮ ነው! ግን ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ፉጨቱ መቼ ጭብጨባ እንደሆነ አላስተዋልኩም።

ገነነ በነጥብ ተሸነፈ። በጥቂት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የኦይታን አፍንጫ አንዴም አልነካም። ይህን ያየነው እኔና አያትየው ብቻ ነን... ባይተውለት ያሸንፍ ነበር? አላውቅም። ኦይታም ጎበዝ ነው።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ጁስ ቤቱ ጢም አለ። ገነነ አንድ ዓይኑ አብጦ ገባ፣ ኦይታ አገጩን ይዞ ተከተለው። ሁለቱም ስፕሪስ አዘዙ። ማኘክ አይችሉም።

ጋሽ ኸሊፋ ፍርዳቸውን አዘጋጅተው ነው የጠበቁት። እንደሚሸነፍ አውቆ ኖሯል የሚቀረው አሉ። ከዚያ ፊት ለፊት ጠየቁት፣ እስቲ ለምን ነበር?

ገነነ ኦይታን አየ። አሁን ይናገር ይሆን?

"ፈርቼ ነበር" አለ።

ኦይታ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አገጩን ወደ ሰዉ አዞረው፤ ብርቱካን ያህል አብጧል። "የፈራ ሰው እንዲህ አይመታም" አለ። "ለምን እንደቀረ አላውቅም። ፈርቶ ግን አይደለም።"

ጋሽ ኸሊፋ ጢማቸውን አሹ። ድንገት ወደ እኔ ዞሩ፤ "አንቺ ሉሊት፣ እህቱ ነሽ፣ ፍረጂ እስቲ" አሉኝ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ከመፍጫው ኋላ ወጣሁ።

"እስከ ዛሬ ከገጠማቸው ሁሉ፣ ጋሽ ኸሊፋ፣ ለእኔ የትናንቱ ይበልጣል" አልኩ። በአማርኛ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እስከ መጨረሻው።

ገነነ በደህናው ዓይኑ አየኝ።

"በመሸነፌ ነው ደስ ያለሽ?"

"አዎ" አልኩት። "ይሄኛውን ዳብሰህ አላነሳኸውም።"