ሦስት መቶ አርባ አንድ የታኘኩ ዝንቦች

ለክቡር ሚስተር ዶናል ክዊልተር
የወንዞችና የባሕር ወሽመጦች ቦርድ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ጉልበትዎ ከቁርጥማት፣ ጣሪያዎ ከማፍሰስ፣ ወንበርዎም ከመነቃነቅ ተጠብቆ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ኪልብራካን ያለነው ዝናቡ ሳያቋርጥ እየወረደብን ደኅና ነን። ዝናቡንም ቢሆን አንጠላውም፤ ለምን እንደማንጠላው ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ፣ ቦርድዎ የላከው ባለሙያ ይህን ሳይጠይቅ ስለሄደ።

አትራክታ ኮይን እባላለሁ። ትምህርቴ ከመንደራችን ትምህርት ቤት አላለፈም፤ ብዕሬ ቢያደናቅፈኝ ይቅር ይበሉኝ። ሥራዬ መንጠቆ ላይ ላባና ክር እየጠመጠምኩ ዓሣ የሚያታልል ዝንብ መሥራት ነው። ባለቤቴ ፌስቲ ደግሞ እንግዳ አጥማጆችን እየመራ ሳልመን የሚባለው ትልቅ ዓሣ የትኛው ድንጋይ ሥር እንደሚተኛ ያሳያል። የኦወንግላስ ወንዝ ሃያ ስድስት ዓመት አብልቶናል። አሁን ቦርድዎ በመጪው ማክሰኞ ወንዙ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ አሥራ ሁለት የሳልመን ማርቢያ የመረብ ጋጣዎች እንዲተከሉ ሊፈቅድ መሆኑን ሰማሁ። ስለዚህ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ፤ እናንተ ዘንድ ቁጥር ይከበራል ሲባል ሰምቻለሁና።

አንደኛ፤ የጋጣውን ማስታወቂያ ስለ ለጠፉልን እናመሰግናለን። የለጠፉት ከተዘጋ ሦስት ዓመት በሆነው ፖስታ ቤታችን መስኮት ላይ ነው፤ ያውም ከውስጥ በኩል፣ ጽሑፉ ወደ ክፍሉ ዞሮ። እዚያ ቤት የሚኖሩት ሸረሪቶች ሁሉ አንብበው ተቃውሞ እንደሌላቸው ተረድተናል።

ሁለተኛ፤ ባለሙያዎ በበጋው እኩሌታ፣ ሐምሌ ላይ፣ በቀትር፣ ከሱቅ በወጣ ቦት ጫማ መጥቶ የወንዙን ዓሣ ቆጠረ። ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ጠብታ አልወረደም ነበር። ፌስቲ በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ አሁን የሚቆጥሩት ድንጋይ ነው። ሳልመን ጎርፍ እስኪመጣ ባሕሩ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ሁለት ቀን ይዝነብና ይመለሱ፤ ያኔ ጣትዎ አይበቃዎትም» ቢለው፣ ባለሙያው፣ «ለዚህ ወንዝ የተሰጠኝ ዛሬ ብቻ ነው» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። በማግስቱ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ ሳልመኑም ከባሕር ወደ ወንዙ ወጣ። ዝናብ የማንጠላው በዚህ ነው።

ሦስተኛውን ሳልቀልድ ልናገር። ከእኛ በስተ ሰሜን ያለው ወሽመጥ ጋጣ ከተተከለበት ሰባት ዓመቱ ነው። ያን ያህል ዓሣ አንድ ቦታ ሲታጎር የባሕር ቅማል ይፈላበታል። በጸደይ ከወንዝ ወደ ባሕር የሚወርደው ጣት የሚያህል ግልገል በዚያ ሲያልፍ ቅማሉ ይወርሰዋል። ባለፈው ግንቦት ፌስቲ እዚያ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ገና ሳያድግ ወደ ወንዙ የተመለሰ ትራውት የሚባል አንድ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣ። ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ከጀርባ ክንፉ እስከ ጅራቱ ቆዳው ተልጦ ሥጋው ይታይ ነበር። «አትራክታ፣ ሣህኑን አንሺው» አለኝ። «ምነው? የምትወደውን ነው የሠራሁልህ» ብለው፣ «አንሺው ብዬሻለሁ» አለ። ባሌ የሠራሁለትን ምግብ ሲመልስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋጣው እኛ ዘንድ ከመጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ የእኔ ላባ ለባርኔጣ ጌጥ ይሆናል፤ ፌስቲም ለእንግዶች ባዶ ውኃ ያስጎበኛል።

አራተኛው የሚነካው እናንተንም እኛንም ነው። ቦርድዎ ለማክሰኞ ያዘጋጀው የውሳኔ ረቂቅ፣ «ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት በአጥማጆች መዝገብ የሰፈረው ሰባት ሳልመን ብቻ ስለሆነ፣ በወንዙ ሊጎዳ የሚችል ዓሣ የለም» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ አጥማጅ ያለውን ቃል በቃል ያመነ መሥሪያ ቤት የእናንተ የመጀመሪያው ነውና ምስጋናችን ወሰን የለውም።

መዝገቡ ወንዙ ዳር ባለችው ጎጆ በሲባጎ ታስሮ የተንጠለጠለ ደብተር ነው። የእኛ ወንዶች ደግሞ ከአባቶቻቸው የወረሱት ልማድ አላቸው፦ ዓሣ ያላገኘ «ምንም» ብሎ ይጽፋል፤ ያገኘም «ምንም» ብሎ ይጽፋል። ሰባቱን የጻፉት ልማዱን የማያውቁ እንግዶች ናቸው። ወሬው ከወጣ ከደብሊን ድረስ ሰው ይጎርፍብናል ብለው ነዋ! ሽማግሌው ባርትሊ አንዴ ሳልመኑን በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ተሰበረ ክንድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሱቅ ገባ። ባለ ሱቋ፣ «ውይ ባርትሊ! ምን ሆንክ?» አለችው። «ወድቄ ነው፣ ክንዴ ተሰበረ።» «ታዲያ ክንድህ ከመቼ ወዲህ ነው ጅራት ያበቀለው?» አለችው። ያን ቀንም ደብተሩ ላይ የተጻፈው «ምንም» ነው።

ረቂቁ የተሰማ ሰሞን በመንደሩ አዳራሽ ተሰበሰብን። ያ ሁሉ ወንድ ጫማውን ማየት ያዘ። በመጨረሻ ፌስቲ ተነሥቶ፣ «እኔ ዋሽቻለሁ። ዓምና ብቻ አሥራ አራት ይዣለሁ» አለ። ባርትሊ ከኋላ፣ «አንተ ሰው፣ ቀስ በል እንጂ! በሩ ክፍት ነው!» ብሎ ጮኸ። ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ ወንዙን እንጠብቅ ብለን በገዛ እጃችን «ባዶ ነው» ብለን እንደፈረምንበት ሁላችንም ገብቶን ነበር። ለዚህ ጥፋት ቦርዱን አልከስም። ራሳችንን ነው የምከሰው።

ነገር ግን ወንዶቹ ያላሰቡት አንድ ነገር አለ። ሳልመን የነከሰው ዝንብ ላባው ይቦጨቃል፣ ክሩ ይተረተራል፤ ስለዚህ «ምንም» ብሎ የጻፈው ሁሉ በማግስቱ እኔ ወጥ ቤት መጥቶ፣ «አትራክታዬ፣ ይቺ ዝንብ አርጅታብኛለች፣ ሌላ ሥሪልኝ» ይላል። የራሴ ባል ሳይቀር! እኔም የታኘከውን እየተቀበልኩ፣ ቀኑን በቁራጭ ወረቀት እየጻፍኩ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ለማንም ክፉ አስቤ አይደለም፤ ላባ መጣል ስለማልወድ ነው። ባለፈው እሑድ አወጣጥቼ ቆጠርኳቸው። ዘጠኝ ዓመት፣ ሦስት መቶ አርባ አንድ ዝንብ። የሰው አፍ ሊዋሽ ይችላል፤ የዓሣ ጥርስ ግን ለማን ብሎ ይዋሻል?

ቆርቆሮውን ማክሰኞ ፌስቲ ይዞት ይመጣል፤ ጠረጴዛችሁ ላይ ይገለብጠዋል። እስከዚያው ፈቃዱ ላይ እንዳይፈርሙ፣ ከዝናብ በኋላም ሰው ልከው ወንዙን ዳግም እንዲያስቆጥሩ እለምናለሁ። ቦት ጫማውን እኛ እናውሰዋለን።

የማስታወቂያዎ ዘግይታ የደረሰች አንባቢ፣ የቦርድዎ ትዕግሥት ተማሪ፣ በጉልበቷ ላይ ላባ፣ በእጇ መቀስ ይዛ መልስዎን በአክብሮት የምትጠብቅ፣

አትራክታ ኮይን
ከኪልብራካን

ማሳሰቢያ፦ ከሦስት መቶ አርባ አንዱ አንዱ የእርስዎ ነው። ዓምና መስከረም፣ ለእረፍት መጥተው ከፌስቲ ጋር የቄሱ ኩሬ በምንለው የወንዙ ጥልቅ ቦታ አምስት ኪሎ ሳልመን የያዙባት ባለ ቢጫ ላባ ዝንብ ናት። ወጥ ቤቴ ገብተው፣ «ወይዘሮ ኮይን፣ ሌላ ይሥሩልኝ፤ ደብተሩ ላይ ግን ባይጻፍ ምን ይመስልዎታል? ደብሊን በሙሉ ይመጣብናል» አሉኝ። «ይመጣብናል» ሲሉ የእኛ ሰው የሆኑ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ዝንብዎን ከነስምዎ ከላይ አስቀምጫታለሁ። ማክሰኞ ሲያነሷት ጣትዎን ይጠንቀቁ፤ ላባው ነው እንጂ የተበላው፣ መንጠቆው አሁንም ስለታም ነው።