ለእትዬ እግር ያልደረሰው

ሰኞ፣ ግንቦት 2008

ዛሬም ሞቱ። ባክቴሪያዎቹ ብቻ ቢሆኑ ደስ ባለኝ፤ የአጥንት ሕዋሶቹም አብረው ነው ያለቁት። ዚንኩ በዝቷል። ከሽሪምፕ ቅርፊትና ከአጥንት ማዕድን የምንሠራው ይህ ስፖንጅ መሳይ ነገር የተጎዳ አጥንት ውስጥ ገብቶ ጀርሙን መግደል፣ አጥንቱን ደግሞ እንዲያድግ መደገፍ ነበረበት። የእኛው ግን አይመርጥም። የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ሐሰን፣ ዚንኩ የተቀነሰበትን እንይ አሉ። ማድረቂያ ውስጥ ነው።

ሰፈራችን ካርቲየ 5፣ ቤት ስገባ እትዬ ጽጌ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተኝታለች። ታላቅ እህቴ ናት። ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ነው እኔን ያስተማረችኝ። እዚያው ደረጃ ላይ ወድቃ ቅልጥሟ ተሰበረ፤ ከተጠገነ በኋላ ደግሞ አመረቀዘ። ፋሻው ዛሬም ርሷል።

ማክሰኞ

አዲሶቹ ስፖንጆች ከማድረቂያው ወጡ። ነጭ፣ ቀላል፣ እፍ ቢሏቸው የሚበሩ። አንዱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። የእትዬን አጥንት ነበር የማስበው።

ረቡዕ

ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ነገ አጥንቱን ከፍተው እንደሚያጥቡት ነገሯት። ካልዳነስ? አልኳቸው። ስለ እግሯ ያሉትን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

እትዬ ሐኪሙ እስኪወጡ ጠብቃ፣ «ያንን የምትሠሪውን ለምን እኔ ላይ አያደርጉትም?» አለችኝ።

ገና አይጥ ላይ እንኳን አልተሞከረም አልኳት።

«እንግዲህ አይጧ እስክትድን ልጠብቃ።»

ሳቅ አለች። እኔ አልቻልኩም። አንቺን መሞከሪያ አላደርግሽም ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐሙስ

በስፖንጁ ቁራጭ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ! ባክቴሪያው ድርሽ አላለም። ዶክተር ሐሰን እጄን ጨበጡኝ። እትዬ ግን በዚያው ሰዓት ቀዶ ጥገና ክፍል ነበረች።

ሆስፒታል ሮጬ ደረስኩ። በኮሪደሩ መስኮት የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ። ድሬዳዋ እያለን ገበያ ስትሄድ አረማመዷ አይያዝም ነበር፤ ከኋላዋ እያለከለክሁ ቆይኝ እላት ነበር። ያ አረማመዷ ምንኛ ናፈቀኝ።

ዓርብ

እዚህ አገር ዓርብ እረፍት ነው። አብሬያት ዋልኩ። ትኩሳት። ሙቀቱ ከውጭም ከእሷም ነው። እናታችንን ትጠራለች፤ እኔ እናታችን እየመሰልኳት እጄን አትለቅም። እኔም እናቴን ፈለግሁ።

እሑድ

ሕዋሶቹ በሕይወት አሉ! አጉሊ መነጽሩ ሥር ቀዳዳዎቹን ይዘው ተለጣጥፈዋል። ገና ብዙ ይቀራል፤ አይጥ፣ ከዚያ ፈቃድ፣ ከዚያ ዓመታት። ለእሷ አልደረሰም።

ሆስፒታል ስደርስ ትኩሳቱ ወርዷል። ቁስሉ ለጊዜው ደህና ነው አሉ ሐኪሙ፤ «ለጊዜው» የምትለዋን ደገሟት። እትዬ ሾርባ ጠጣች፣ ጨው የለውም ብላም አማረረች።

ድሬዳዋ ላለችው እናታችን ደወልኩ። እትዬ ለፍልሰታ ትመጣለች አልኳት።

«በእግሯ ቆማ?» አለች።

አዎ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁም በኋላ አዎ አልኩ፣ ብቻዬን።